በሟች ስም ያለ ፈቃድ

ባሌ ለአገር ሴት ሁሉ ልብስ ሲነድፍ ኖሮ፣ የእኔን ቀሚስ «ነገ» እንዳለ ሞተ። ለሰው ምስል ልብስ የሚያለብሰው፣ እሱ ይሠራበት የነበረው የንድፍ ሶፍትዌር አዲስ ዕትም ሲወጣ፣ በስሙ ያለውን የመጠቀሚያ ፈቃድ ወደ ስሜ እንዲያዞሩልኝ ሶፍትዌሩን የሚሸጠው ድርጅት ዘንድ ደወልኩ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ አሁን ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብተው እየሠሩ ነው። መጀመሪያ ይውጡ ይበሏቸው» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ።

«ከቀበርኩት ዓመት አልፎታል፤ እስቲ አንቺ ንገሪው።»

ከቀብሩ ወዲህ የቆለፍኩትን የሥራ ክፍሉን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ በርቷል። ስክሪኑ ላይ በድሮ ልኬ የተሠራች ሴት ያን ቀሚሴን ለብሳ ቆማለች። ዓይኔ እያየ ወገቧ ጠበበ፣ ደረቷ ሟሸሸ፤ በሐዘኑ እንደከሳሁት ሆነች። ከጎኗ ከተደረደሩት ልኮች የዳሌዋ ቁጥር ብቻ ባዶ ነበር።

ሜትር አንስቼ ዳሌዬ ላይ ሳዞር፣ የማውሱ ቀስት ባዶው ቦታ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።