በር አጠገብ የተቀመጡት ሠልጣኝ

"እማማ... እውነቱን ይንገሩኝ። ማን ልኮዎት ነው?"

ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ።

መዳፍ የምታክል የሹራብ ናሙና በንዴት ፊታቸው ላይ ዘርግቼ ይዣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው...

እኔ የአንዲት ሹራብ ዲዛይነር ረዳት ነኝ። ትርሲት ትባላለች። አራት ዓመት ሙሉ ሻንጣ እየጎተትን ከባዛር ባዛር፣ ከሥልጠና ሥልጠና ስንዞር ኖረናል። ዛሬ ሐዋሳ፣ ነገ ድሬዳዋ፣ ከነገ ወዲያ አየር ማረፊያ። ስልኳን ሳይቀር የማነሳው እኔ ነኝ።

የትርሲትን ሹራብ የሚያስታውቀው የእጅጌው ጠርዝ ነው። ድርብ ነው፣ ንፋስ የሚባል አያሳልፍም። ባዛር ላይ ሰው ሁሉ ገልብጦ ያየዋል፤ አሠራሩ ላይ ግን ማንም አይደርስም።

ትርሲት ሁሉንም ታስተምራለች... እሱን ግን ለማንም አሳይታ አታውቅም። ለኔ እንኳን!

ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ነበረን። ሹራብ መሥራት የሚችሉት በትልቁ አዳራሽ ከትርሲት ጋር፣ ጀማሪዎቹ ደግሞ በጎን ባለችው ክፍል ከኔ ጋር።

ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ከተማ የመጡ አንዲት እናት ሊመዘገቡ ቀረቡ። እማማ ወርቅነሽ ይባላሉ።

"ሹራብ ሠርተው ያውቃሉ?" አልኳቸው።

"ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ!"

"ጀማሪ" ብዬ ጻፍኩ።

(የኛ አገር ጨዋ ሰው "እችላለሁ" እንደማይል ማን በነገረኝ!)

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በር አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም አሉ። በሩ ወደ አዳራሹ ነው የሚከፈተው። የደብረ ብርሃንን ብርድ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል።

"ኧረ በሩ ይዘጋ፣ በረደን!" ይላሉ ሴቶቹ።

"ትንሽ ገርበብ ይበል ልጆቼ..." ይላሉ እሳቸው።

ዓይናቸው ከትርሲት ላይ አይነቀልም።

"እማማ፣ ወደ ሥራዎ!" እላለሁ።

"እሺ ልጄ" ይላሉ። ደግሞ ያያሉ።

በሁለተኛው ቀን ጠጋ አሉኝና "እዚያኛው አዳራሽ ብታስገቢኝስ?" አሉ።

"ጀማሪ ነዎት እኮ እማማ፤ አይሆንም።"

በሦስተኛው ቀን የሠልጣኞቹን ናሙና ስሰበስብ የእሳቸውን አየሁና ክው አልኩ።

ድርቡ ጠርዝ!

ቁርጥ የትርሲት!

በቃ፣ ገባኝ አልኩ። በር አጠገብ መቀመጡ፣ አሻግሮ ማየቱ... ሴትዮዋን አሠራሩን እንዲሰርቁ የላካቸው ሰው አለ!

ለዚያ ነው "ማን ልኮዎት ነው?" ያልኳቸው።

"ማንም አልላከኝም..." አሉ በመጨረሻ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

እኔ ግን ጨካኝ ሆንኩ። ናሙናውን ይዤ ወደ ትርሲት ሮጥኩ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። መኪናው ደጅ ይጠብቀናል፤ ማታ ለኤግዚቢሽን ወደ ናይሮቢ እንበራለን።

"ትርሲ፣ ሌባ ይዣለሁ!"

ናሙናውን ተቀበለችኝ። ገለበጠችው። ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው...

ፊቷ ልውጥ አለ።

"ይሄን የሠራችው ሴትዮ የት አለች?"

መልሴን እንኳን ሳትጠብቅ ወደ ጀማሪዎቹ ክፍል ገባች።

መምህር ሲገባ ሠልጣኝ ብድግ ይል የለ? ሴቶቹ በሙሉ ተነሡ።

እማማ ወርቅነሽም አብረው ብድግ አሉ... ለገዛ ልጃቸው!

አዎ። የትርሲት እናት ናቸው።

ትርሲት እግራቸው ላይ ተደፋች። ጉልበታቸውን እየሳመች...

"እማዬ! ሦስት ቀን እዚህ ሆነሽ ለምን አልጠራሽኝም?"

"እንግዳው ከቦሽ፣ ካሜራው ከቦሽ... በዚህ አለባበሴ ላሳፍርሽ?"

"ምነው ብትደውዪልኝ?"

"እደውላለሁ እንጂ! አንዲት ልጅ ታነሳና 'ሥራ ላይ ናት' ትለኛለች።"

ያቺ ልጅ... እኔ ነኝ።

በጎረቤት ስልክ ስለሚደውሉ፣ የጎረቤላ ኔትወርክም ስለሚቆራረጥ፣ ማንነታቸውንም ድምፃቸውንም ለይቼ አላውቅም። "እሺ፣ እነግራታለሁ" እላለሁ። ከዚያ እረሳዋለሁ።

"ለሥልጠና ትመጣለች ሲሉ ሰማሁ" አሉ እናት። "እኔም ሠልጣኝ ሆኜ መጣሁ።"

ያ ሰው ሁሉ የሚደነቅበት ጠርዝ የእሳቸው ነበር። ትርሲት ልጅ ሆና የአንኮበር ብርድ በእጅጌዋ እንዳይገባ ብለው ያወጡት ነው።

ትርሲት ክፉ ልጅ እንዳትመስላችሁ። የእናቷን ቤት ያሳደሰችው እሷ ናት፤ የሚያስፈልጋቸውንም በየወሩ ትልካለች። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አገር ለአገር ስንዞር ጎረቤላን አልረገጠችም... ከደብረ ብርሃን ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚደረስበትን ቦታ!

እኔ አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ። ሌባ ብዬዎታለሁ።"

ሳቅ አሉ።

"ሌባስ ነኝ ልጄ... ሦስት ቀን ሙሉ በበር ልጄን ስሰርቅ አልነበር?"

ክፍሉ ሙሉ አለቀሰ።

ውጭ ሾፌሩ ክላክስ አደረገ።

እናት ደንገጥ አሉ። የትርሲትን እንባ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት...

"ታድሪያለሽ?"

ወቀሳ የለ፣ እርግማን የለ። "ታድሪያለሽ?" ብቻ።

"አድራለሁ እማ።"

ናይሮቢ ቀረ፤ መኪናው ወደ ጎረቤላ ዞረ። ኤግዚቢሽኑ ያለ እኛ ተከፈተ፣ ያለ እኛ ተዘጋ። ምናልባት ደንበኛ አጥተን ይሆናል... ሰማይ ግን አልተደፋም።

ወዳጆቼ፣ ለእናት የምንልከው ነገር የእኛን ፊት አይተካም። እናት ልጇን ለማየት ፎርም መሙላት የለባትም።

የኔዋ እናት ደብረ ሲና ናት። እንደማውቃት አፏን ሞልታ "ነይ" አትለኝም። ይሄን የጻፍኩላችሁ መናኸሪያ ሆኜ ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ።

እስቲ እናንተም በሐቅ መልሱልኝ...

እናታችሁ ቤት ለመጨረሻ ጊዜ ያደራችሁት መቼ ነው?

የደወላችሁት አላልኩም። ያደራችሁት! 👇