ቴራሜን ያልጨረሰው ተረት

በእኛ በማርቲኒክ ደሴት ሰው ሲሞት አስከሬኑ እቤት ተጋድሞ፣ ግቢ ውስጥ እስኪነጋ ተረት ይነገራል። ተረት ነጋሪው በየመሐሉ «ግቢው ተኝቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ለቀስተኛው «አልተኛም!» ካላለው አይቀጥልም።

ጎረቤቴ ቴራሜን የሰፈራችን ተረት ነጋሪ ነበር። አንዱን ተረት ጀምሮ ሳይጨርሰው ሞተ። እንዲህ ያለው ሰው፣ ተረቱን በለቅሶው ላይ ካልጨረሱለት መንገዱን አያገኝም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ስለዚህ ታናሽ ወንድሙ ሌዎናር ካቆመበት ቀጠለለት። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ጠየቀ፦

«ግቢው ተኝቷል ወይ?»

«ተኝቷል!» አለች የሟቹ ሚስት ሲዶኒ። ቀኑን ሙሉ እንባ ሳይወጣት ለለቀስተኛው ሾርባ ስታድል የዋለች ሴት ናት።

ሌዎናር ሊያስቃት ሞከረ። «ኧረ እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የሸንኮራ አረቄ ጠጪ ዓይኑን አፍጥጦ እያየሽ!»

«ተኝቷል አልኩህ! ከጨረስከውማ ይሄድብኛል።»

እኔ መቁጠሪያዬን ጨብጬ «ጌታ ሆይ፣ አጽናት» አልኩ በልቤ። ሌዎናር ሊቀመጥ ብሎ ተመለሰና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንዴ ደገመው።

«ግቢው ተኝቷል ወይ?»

ሲዶኒ አፏን ስትከፍት፣ አስከሬኑና ሻማው ብቻ ካሉበት ክፍል፣ ሁላችንም የምናውቀው ሻካራ ድምፅ ቀደማት።

«አልተኛም፣ ሲዶኒዬ። ተዪው፣ ይጨርሰው።»