ፊቱን አትየው

ሮቤል ከትምህርት ቤት ሲወጣ ከረሜላ ካልተገዛለት ሱቁ በር ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተንጋሎ ሰፈር ያውካል። አባቱ ምክር ያልጠየቀው ወላጅ አልነበረም። በመጨረሻ ልጇ ድምፁ የማይሰማው የያፌት እናት፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አብረው ሲጠብቁ መላውን ነገረችው።

«እጁን ያዝ፣ ዝም በል፣ ሂድ። ፊቱን ብቻ እንዳታየው። ዓይን ለዓይን ከተገጣጠማችሁ አለቀልህ።»

ደወሉ ሲደወል ዝናቡ ይወርድ ነበር። ልጆቹ ትምህርት ቤቱ ያደላቸውን ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሰው፣ ቆቡን እስከ አፍንጫቸው ደፍተው ተግተልትለው ወጡ። አባት የልጁን እጅ አፈፍ አደረገና ሰማይ ሰማዩን እያየ መንገድ ጀመረ።

ሱቁ ጋ ሲደርሱ እርምጃውን አፈጠነ። ትንሿ እጅ ግን አልጎተተችውም። አለፉ። ጥግ ላይ ሲታጠፉ ብቻውን ይስቅ ጀመር። አንዱን ኩሬ እንደ ጎረምሳ ዘለለው፤ ልጁም ተከትሎት ዘለለ። ይህን ዘዴ ለወላጆች ሁሉ ሊያስተምር፣ እንዲያውም ሬዲዮ ላይ ሊቀርብ አሰበ።

ሚስቱ በሩን ስትከፍት ስልኳ ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ተሳካልኝ» አላት፣ ቆቡን ከልጁ ራስ ላይ እየገፈፈ።

«እንደምን ዋሉ» አለ ያፌት፣ ጎንበስ ብሎ።

ሚስቱ ልጁን አየችው፤ ባሏን አየችው፤ ስልኩን በእጇ ከደነችው።

«የያፌት እናት ናት። ሮቤልን የሷ መስሏት ይዛው ሄዳ፣ ሱቁ በር ላይ ተንጋሎ አልነሳም ብሏታል። ምን እንደማደርገው ጠይቂልኝ እያለች ነው።»