ጨርሶ መጣ

የሒሳብ ዶክትሬት ተማሪው የአንዲት ቲዎረም ማረጋገጫ ላይ ተቸክሎ ከቀረ አራት ዓመቱ ነው። በአራት ዓመት እኮ ሰው አግብቶ ሁለት ይወልዳል! ሰኞ ካላስረከበ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ያሰናብቱታል። ጠመኔው ሲሰበር፣ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ሁሉም ነገር ሆን ብሎ የሚያበሽቀው ይመስለዋል። ከሁሉም የባሰችው ግን ታናሽ እህቱ ናት። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ቤት ሲደውል ስልኩን ቀድማ ታነሳና፣ «እህሳ ፕሮፌሰር፣ ዛሬስ ጨረስክ ወይስ እዚያው ልትሸብት ነው?» ትለዋለች። ይበሽቃል፤ ሳይደውል ግን አይውልም።

ዓርብም ደወለ።

«ማን ልበል?» አለች እህቱ፣ በጨዋ ድምፅ።

«አንቺ ደግሞ! እኔ ነኛ፣ ወንድምሽ።»

«ይቅርታ፣ ተሳስተው ነው መሰለኝ። ወንድሜ ጠዋት ጨርሶ መጥቷል። ይኸው ከእናቴ ጋር ምሳ እየበላ ነው።»

ሊስቅ አፉን ሲከፍት ከወዲያ በኩል ሌላ ሰው ቀድሞት ሳቀ። ሳቁ የራሱ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ሳል የሚቀላቀልበት። እናቱም «ብላ እንጂ ልጄ፣ ከስተህ የለም እንዴ!» ስትል ሰማ።

መጮህ ነበረበት። ከአፉ ያመለጠው ግን ሌላ ነው፤ «በሞቴ እህቴ፣ እንዴት አድርጎ እንደጨረሰው ጠይቂልኝ። አንዲት መስመር ብቻ።»

ስልኩን ሌላ እጅ ተቀበለ።

«አልጨረስኩትም» አለው የገዛ ድምፁ፣ ቤተሰቡ እንዳይሰማ ቀስ ብሎ። «ለአንተ ትቼልህ ነው የመጣሁት።»