ከባሕር የተመለሰችው

ሰልሚያ በሚሊኒየሙ ማግስት ቡታጅራ፣ እህቷ ቤት ስትደርስ ምድሩ አሁንም እንደ መርከብ ይወዛወዝባት ነበር። እሷ በየባሕሩ ዓሣ ስታጠና ልጇን ያሳደገችላት ይህች እህቷ ሰዓዳ ናት። ልጅቷ እናቷን ሳመቻትና ሻንጣዋን እበሩ ሥር አቆመችው። ሁልጊዜም እዚያው ነው የሚቆየው።

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አለቻት።

«አልመለስም ልጄ። ደከመኝ፤ ሥራውን ትቼ መጣሁ።»

ልጅቷ ደንግጣ የሰዓዳን ቀሚስ ጨበጠች። «እማዬ፣ ልትወስደኝ ነው እንዴ?» ስትል አክስቷን ጠየቀቻት።

ሰልሚያ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታቷን ተወች። ለመቆጣትም ለማልቀስም አቅም አልነበራትም። «የለም» አለች ቀስ ብላ፤ «እሺ ካልሽኝ እኔ እዚሁ ከናንተ ጋር ልኑር።»

ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ የሰዓዳን ፊት አየች።