የኦርጅናሉ ድምፅ

ዳሞታ ተራራን ከሥሩ ይነቀንቃል የሚባልለት ዘፋኝ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በዓል ያወጣው አልበም መናኸሪያው ጥግ ካለች ሙዚቃ ቤት ሲጮህ ሰምቶ ዘው አለ። ባለሱቁ የግማሽ ወላይታን ስልክ ደርድሮ ዘፈኑን ሚሞሪ ላይ ይጭናል። የዘፋኙን ድምፅ እንጂ መልኩን ስለማያውቅ ቀና ብሎም አላየው።

«ይሄን ማን ፈቀደልህ?» አለ ዘፋኙ በቁጣ።

«ይተዉኝ ጋሼ፣ እኔው ራሴ ተዘርፌያለሁ! አረካ ከተማ ያሉ ሌቦች ከእኔ ገልብጠው ይሸጡታል። በየዘፈኑ መሃል ማስጠንቀቂያ ላስገባበት ነው። ድምፅዎ ደግሞ ወፍራም ነው፤ እስቲ እርስዎ ይናገሩልኝ» ብሎ ማይኩን ደቀነበት።

ዘፋኙ ማይኩን ነጥቆ መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኸበት። «እኔ ዳልኬ ሻንካ ነኝ! ዘፈኑ የኔ ነው! ያለ ፈቃዴ የሚያባዛ ሁሉ ሌባ ነው!»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ዞሮ አየው። ባለሱቁ በደስታ ጠረጴዛውን ደበደበው።

«ወይ ጉድ! ቁርጥ እሱን! አሁን ገና ኦርጅናል መሰለ!»

ወዲያው የተቀዳውን ጩኸት ከዘፈኑ ጋር አያይዞ ለመጀመሪያው ደንበኛ ጫነለት። ዘፋኙ ማይኩን እንደጨበጠ ቀረ፤ ቁጣው በደንበኛው ኪስ ሆኖ ወደ ሁምቦ ተሳፈረ።