ዳንቴል የለበሰችው ሳጥን

ዓይነ ስውራን የሚያዩባት ሳጥን ድሬዳዋ፣ ብርነሽ ቤት ከገባች ሳምንቷ ነው። ግን በሙቀቱ እየጋለች ቶሎ ቶሎ ትጠፋለች፤ የብርነሽ እናት እማማ ትርፌም የልጃቸውን ፊት እንኳ በወጉ ሳያዩ ተመልሶ ይጨልምባቸዋል። ነገ ደግሞ የልጅ ልጃቸው ሠርግ ነው።

«የሳጥኗ አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ ነው የሚግለው። በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ልግጠምልሽ፣ እትዬ» አለ ሳጥኗን ሊያይ የመጣው ጠጋኝ።

«በቀን ስንት ይጠጣል?»

«አንድ ጀሪካን።»

«ለቤቱ ሰው የሚደርሰን እኮ ሁለት ጀሪካን ነው! በእሱ ፈንታ ትልቅ ማራገቢያ ግጠምልኝ። እናቴ ነገ ሙሽራዋን ታያለች፣ አለቀ!»

«እሺ፤ ግን መጀመሪያ ይሄን ዳንቴል አንሺው። አፍነሻት እኮ ነው!»

ብርነሽ ክው አለች። ዳንቴሉ እናቷ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ በዳበሳ የሠሩት ነው፤ እሷም እንደማንኛውም የክብር ዕቃ ሳጥኗን አልብሳታለች። ጥርሷን ነክሳ ገፈፈችው።

ማራገቢያው መሽከርከር ጀመረ፤ ሳጥኗም በራች። ሰዓት አለፈ፣ አልጠፋችም። እማማ ትርፌ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ፤ ከዚያ ጭኗ ላይ ያለውን ዳንቴል።

«ይሄን ጠማማ ነገር ነው ሰባት ዓመት ሙሉ ውብ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እማዬ። ነገም ለእንግዳ አነጥፈዋለሁ።»